እናት የሌለው ንፍፊት

ዓይን አፋርነትን የሚያመሰግን ሰው ከዶክተር ልሳኑ ጋር ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ አለዚያም ራሱ ዶክተር ልሳኑ ነው።

እኔ «አንገቷን የደፋች ልጅ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አንገቴን እንደ ደፋሁ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ባዮሎጂ ተማርኩ፣ አንገቴን እንደ ደፋሁ በጥሩ ውጤት ወጣሁ። መንግሥት ሲመድበኝ ጉለሌ ውስጥ ያለ አንድ የምርመራ ላቦራቶሪ ደረሰኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሁላችንም «ጓድ» እንባባላለን። የክፍሉን ኃላፊ ዶክተር ልሳኑን «ጓድ» ብሎ የጠራ ሰው ግን ሲደግመው አልሰማሁም።

ሥራዬ ከበሽተኛ አካል ተቆርጦ በፎርማሊን ብልቃጥ የሚመጣውን ሥጋ መቀበል፣ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ በሰም አቁሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ መቁረጥ፣ መስታወት ላይ አንጥፎ ቀለም ማጠጣት ነበር። ብልቃጡን ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ዘመዶች ናቸው። በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ እያሉ ይገባሉ። እኔም ስም እጠይቃለሁ፤ የነገሩኝን እጽፋለሁ፤ «ውጤቱ በሁለት ሳምንት» እላለሁ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አላይም ነበር። ይሄ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ዶክተር ልሳኑ ከውጭ አገር ትምህርቱ ሲመለስ በበረዶ የታሸገች ጣት የማታህል ጠርሙስ ይዞ መጣ። በውስጧ ያለው ፈሳሽ አንድን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ ይይዛል፤ የያዘበት ቦታ መስታወቱ ላይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ፕሮቲኑ የሚገኘው በሕዋስ ገጽ ላይ ነው። እንደ ጆሮ ቁጠሩት፤ ከውጭ የሚመጣውን «እደግ፣ ተከፈል» የሚል ትእዛዝ ይሰማል። ጤነኛ ሕዋስ ጥቂት ጆሮ አለው። አንዳንድ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ግን ገጹ ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ጆሮ የበዛበት ካንሰር ቶሎ ያድጋል፤ ከበቀለበት ተነሥቶም ወደ አንገት ንፍፊት ይሄዳል፤ ዶክተሩ ሊያሳይ የፈለገው ይሄን ነበር።

ሐሳቡ የእሱ አልነበረም፤ በውጭ ሌሎች የጀመሩት ነው። ግን ጥሩ ሐሳብ ነበር። የሚያበሳጨኝም ይሄው ነው፤ ጥሩ ሐሳብ እንዲህ ያለ ሰው እጅ ሲወድቅ። ቆራጯም፣ ቀለም አጠጪዋም፣ እስከ ምሳ ሰዓት ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ የምትቆጥረዋም እኔ ነበርኩ። እሱ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን አስተካክሎ ይገባና «ዛሬ ስንት አቀለምኩ?» ብሎ ይጠይቀኛል። መልሴን መስማት ሲሳነው ደግሞ «ወይዘሪት ሹክሹክታ፣ ድምፅሽን የት አስቀመጥሽው?» ይልና ራሱ ይስቃል። ስለ ጆሮ የሚያጠናው ሰው ጆሮ አልነበረውም።

ለያንዳንዱ በሽተኛ የሚሞላ ቅጽ ነበረው። «የአንገት ንፍፊት፦ አለ / የለም» የሚል መስመር አለው። ያንን መስመር ለመሙላት ሆስፒታል ሄዶ የሰውየውን አንገት በጣት መዳበስ ያስፈልጋል። ዶክተር ልሳኑ ግን ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር የሚሞላው።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ የውጭ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዶክተሩ ሠንጠረዡን ያሳያቸዋል። ጎኑ ቆሜ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አቀብለው ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው? ቡናማ በቡናማ ሆኗል። ቅጹ ላይ ግን ንፍፊት የለውም።»

«አዎ» አልኩ።

«አሥራ አምስትስ?»

«አሥራ አምስት ከአንገት የወጣ ንፍፊት ነው። እሱም ቡናማ ነው። ግን የምግብ ቧንቧ ናሙና የለውም። ከየት እንደመጣ አይታወቅም።»

ማይክሮስኮፑን ገፋው። «አንዱ ሳይራመድ የቀረ፣ አንዱ ከሰማይ የወረደ! ሁለቱም ሠንጠረዤን ያበላሻሉ። የቀለም ስህተት ነው በይና አውጫቸው።»

«ቀለሙ ትክክል ነው...»

«ምን አልሽ? አልሰማሁም።»

«ምንም» አልኩ።

እሱ ሲወጣ ሁለቱን መስታወቶች እያፈራረቅሁ አየኋቸው። በሁለቱም ላይ ሕዋሶቹ እንደ ሽንኩርት ክብ በክብ ተደራርበዋል፤ የያንዳንዱ ጠርዝ በቡናማ መስመር ተከቧል፤ መስመሩ የሚወፍርበትና የሚሳሳበት ሁኔታ እንኳ ይመሳሰላል። አንዱ ልጅ የሌላት እናት፣ ሌላው እናት የሌላት ልጅ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሞኝ ሰው እንኳ «ምናልባት ይተዋወቁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል።

መዝገቡን ገለጥኩ። አሥራ አራት፦ ባሳ የሚባል ሸማኔ፣ ሽሮ ሜዳ፤ ናሙናው ከሆስፒታል የመጣ። አሥራ አምስት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጤና ጣቢያ የመጣ ነው፤ ስሙ ፍጹም ሌላ ነው። ሁለተኛውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ቀበሌው ግን ያው ነው። የቤት ቁጥሩም ያው ነው። የአሥራ አምስተኛው መስመር የተጻፈበት እጅ ጽሑፍ የእኔ ነው።

ከመዝገቡ ጎን የሆስፒታሉ ማስታወሻ ተያይዟል። ባሳ ዓርብ ጠዋት ደረቱ ተከፍቶ የምግብ ቧንቧው ሊወጣ ተቀጥሯል። ካንሰሩ ካልተሠራጨ ይሄ ሊያድነው የሚችል ቀዶ ጥገና ነው። አንገት ከደረሰ ግን ሰውየውን ያለ ጥቅም ማረድ ነው። ምግብ ከቀነሰ ወራት የሆነው ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አይነሣም። ቅጂው ለሆስፒታሉ በተላከው፣ «ንፍፊት፦ የለም» በሚለው ቅጽ ላይ የዶክተር ልሳኑ ፊርማ በሰማያዊ ቀለም ተንጠልጥሏል።

ሐሙስ ጠዋት «አሞኛል» ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። በሕይወቴ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ያመነኝም ድምፄ ስለማይሰማ ይመስለኛል። ታክሲ ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የቤት ቁጥሩን ለማግኘት ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ዞሬ፣ በሦስተኛው አንዲት ጥጥ ፈታይ ሴትዮ «አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ? አፍ የለሽም?» ብላ አዳነችኝ።

ጋሽ ባሳ ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አውርዶ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ልብሱ የተሰቀለ እስኪመስል ከስቷል። አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል። ሚስቱ እትዬ ዘነበች በጥግ ለሆስፒታል የሚሆን ልብስ በዘንቢል ታዘጋጃለች።

«ከላቦራቶሪ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ከየት?» አለ ጋሽ ባሳ መወርወሪያውን ይዞ።

«ከላቦራቶሪ!» ጮህኩ። ሁለቱም ደነገጡ፤ እኔም ደነገጥኩ።

«ግቢ፣ ግቢ የኔ ልጅ» አለች እትዬ ዘነበች። «እሱን እንኳ ተይው፣ ከሰዓት በኋላ ሊተኛ ነው፤ ይሄን ጋቢ ሳልጨርስ አልሄድም ብሎ አስቸገረኝ። ለሚቆርጠው ሐኪም ነው አሉ። እስቲ በሞቴ፣ ለሚቆርጥህ ሰው ጋቢ ይሠራል?»

«እንዳይበርደውና እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነዋ» አለ ጋሽ ባሳ። ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከደረቱ ጥግ ነበር የሚመጣው።

«ጋሼ፣ አንገትዎን ምን ሆነው ነው?»

«እባጭ ነበረች። ጤና ጣቢያ ቆርጠው ጣሏት። ለሆስፒታሉም ነግሬያለሁ፣ እባጭ ነው ብዬ። ውጤቷ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ምንም የላትም ማለት ነው።»

«ብልቃጡን ማን ወሰደው?»

«እሷ ናት።»

ወደ እትዬ ዘነበች ዞርኩ። «ለማን ሰጡት እትዬ?»

እጇ ዘንቢሉ ላይ ቆመ። «ላንቺ ነዋ! ጉድ እኮ ነው። ድምፅሽን ስሰማ አላወቅሁሽም፣ ያን ቀን አፍሽን ከፍተሽ አልተናገርሽም። አናትሽን ግን አውቀዋለሁ። ይሄን ሥንጥቅ ፀጉርሽን ቆሜ ሳየው ነበር። ቀና ብለሽ አላየሽኝም እንጂ።»

«ስም ስጠይቅዎ ማን አሉኝ?»

እትዬ ዘነበች ባሏን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የክርስትና ስሙን። ያን ሰሞን ጸበል ነበርን። እዚያ የሚጸለይለት በክርስትና ስሙ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስጠራው የሰነበትኩት እሱን ነው። እና የሰው ሥጋ በብልቃጥ ይዤ ፊትሽ ስቆም... መዳኑና መሞቱ የሚጻፍበት ወረቀት ነው፣ እግዜር በሚያውቀው ስም ይሁን አልኩ። አጠፋሁ እንዴ ልጄ?»

«ታዲያ እግዜር ባሳን አያውቀውም?» አለ ጋሽ ባሳ። «ስንት ዓመት ጥለት ስሠራለት?»

«ዝም በል አንተ ደግሞ!»

የክርስትና ስሙ ሁለት ቃል ነው። አንዱ «ስም» በሚለው ዓምድ፣ ሌላው «የአባት ስም» በሚለው ዓምድ ልክክ ብሎ ገብቶልኛል። «ይሄ የሚጠሩበት ስም ነው ወይስ የክርስትና?» ብዬ ብጠይቅ አምስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ እኔም ሁለት ስም አለኝ። ግን መጠየቅ አፈርኩ። ውጤቱ ጤና ጣቢያ ተልኮ፣ በዚያ ስም የሚታወቅ በሽተኛ ስለሌለ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እሱ እዚያ ሲተኛ ባሳ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ለሚቆርጠው ሰው ጋቢ ይሠራል።

«ምንም አላጠፉም» አልኳት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ሂዱ፣ ግን እኔ ሳልመጣ ምንም እንዳይፈርሙ።»

ላቦራቶሪ ስመለስ ሠራተኛው ሁሉ የሐሙስ የፖለቲካ ውይይት ላይ ነበር። የውይይቱ መሪ ቀድሞ ያላየውን ጽሑፍ ያነባል፤ ስልሳ ሰው ላልሰማው ነገር ራሱን ይነቀንቃል። ዶክተር ልሳኑ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። በመካከሉ አልፌ አጠገቡ ቆምኩ።

«አሥራ አራትና አሥራ አምስት አንድ ሰው ናቸው።»

«ምን?»

«አንድ ሰው ናቸው! ነገ ሊከፈት ነው!»

አንባቢው አቆመ። ስልሳ ራስ ዞረ። ዶክተሩ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ አወጣኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ መጀመሪያ የፈራ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ማስላት እንደ ጀመረ ገባኝ።

«ቅጹ ላይ ፈርሜያለሁ» አለ።

«አንገቱን አይተውት ነበር?»

«አንቺን ማን ጠያቂ አደረገሽ? ቅዳሜ በእንግዶች ፊት ‹ሳላይ ነው የሞላሁት› ልበል? ስሚ፣ የነገው በሽተኛ የቀዶ ሐኪሙ ነው። የእኔ መስታወቱ ነው። አሥራ አራትን አውጪ፣ አሥራ አምስትን አውጪ፣ አለቀ።»

«ሰውየውስ?»

«ሰውየው እንደሆነ በሁለቱም ስሙ ሟች ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እፈራው ነበር። ፍርሃቴ እንዴት እንደወጣ ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻ ቦታው ላይ ንቀት ተተክቶ አገኘሁት። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። በሁለት ዓመት ውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ተራ ፊት ነው። የግራ ቅንድቡ ትንሽ ሳሳ ያለ፣ ላብ የሚቀድመው፣ የትም ወረፋ ላይ የምታዩት ፊት። ለዚህ ነው እንዴ አንገቴን የደፋሁት?

ሁለቱን መስታወቶች በመሀረብ ጠቅልዬ፣ መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። መዝገብ ማውጣት ክልክል ነው። ዘበኛው «ወዴት?» ሲለኝ «ሆስፒታል» አልኩ ጮክ ብዬ። አሳለፈኝ። ለካ ጮክ ብሎ የሚናገርን ሰው ማንም አይፈትሸውም።

ቀዶ ሐኪሙን ያገኘሁት ኮሪደር ላይ ቆሞ ቀዝቃዛ ሻይ ሲጠጣ ነው። ሽማግሌ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ለሰው ፊት የማይሰጥ ሰው ነው። ንግግሬን ሳልጨርስ ብርጭቆውን መስኮት ላይ አስቀመጠና ወደ ጋሽ ባሳ አልጋ ሄደ። ፎጣውን ፈታ። በፋሻ የተሸፈነውን ቁስል አለፈና ከአንገቱ ሥር ካለው አጥንት ጀርባ ጣቶቹን አስገብቶ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«እዚህ ሌላ አለ» አለኝ በዝግታ። «አተር ታክላለች። እባጭ ነው ሲሉኝ አምኜ ቅጹን አየሁ። ቅጹ ‹የለም› ይላል።» መስታወቶቹን በሆስፒታሉ ማይክሮስኮፕ አየ። ከዚያ መዝገቡን ጠየቀኝ። ጣቱን አሥራ አምስተኛው መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይሄን ስም የጻፈው ማነው?»

መልስ ሞልቶ ነበር። ሚስትየው ናት ማለት ይቻላል፤ ውሸት አይሆንም። ኃላፊው ሳያይ ፈርሟል ማለት ይቻላል፤ እሱም እውነት ነው። ዶክተር ልሳኑ በእኔ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚል አውቀው ነበር።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልጠየቅሻትም?»

«አፈርኩ።»

«አፈርሽ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በዚህ ቤት ከቢላዬ ይልቅ ሰው የሚገድለው ይሄ ነው። ነይ፣ አብረን እንንገረው።»

አብረን ነገርነው። ጋሽ ባሳ ጣራውን እያየ ሰማና «ታዲያ ካልተቆረጥኩ ምን ይደረግልኛል?» አለ። ሐኪሙ በጉሮሮው የሚያልፍ ቱቦ ሊያስገባለት እንደሚችል፣ ሾርባና አጥሚት እንደሚያወርድለት፣ በሽታውን ግን እንደማያድነው ሳይሸፍን ነገረው።

«ስንት ጊዜ?»

«ወራት።»

«ወራትማ ብዙ ነው» አለ ጋሽ ባሳ። «ጋቢው የቀረው የሦስት ቀን ሥራ ነው።»

እትዬ ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ አገጬን በመዳፏ ያዘችና ፊቴን ቀና አደረገችው።

ጋሽ ባሳ አራት ወር ኖረ። ጋቢውን ራሱ ይዞ ሆስፒታል መጣና «ላልቆረጡኝ» ብሎ ለቀዶ ሐኪሙ ሰጠው። የሞተው ቤቱ ነው፤ የሸማ ዕቃው በሚታየው መደብ ላይ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ በተለይ ልጆቻችሁን «አንገቷን የደፋች» እያላችሁ የምታሞግሱ፣ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ዶክተር ልሳኑን እንቀዋለሁ፤ ዛሬም እንቀዋለሁ። ግን እሱ ያንን ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊያስተኛ የቻለው እኔ በሩን ከፍቼለት ነው። የእሱ ትዕቢትና የእኔ ዓይን አፋርነት በአንድ ሰው ላይ እኩል ፈርመዋል። የእሱን ሁሉም ያየዋል፤ የእኔን ግን ሰው ያመሰግነው ነበር። ለዚያች አንገቷን ለደፋች ልጅ ያለኝ ንቀት ለእሱ ካለኝ አያንስም። አሁን ብልቃጥ ይዞ የሚመጣን ሰው ዓይኑን እያየሁ «የሚጠሩበት ስም? የክርስትና ስም?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ «ምን አገባሽ?» ይለኛል። ጴንጤ የሆኑት ደግሞ «እኔ አንድ ስም ነው ያለኝ እህቴ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ቅዳሜ የታሰበው ስብሰባ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ እንግዶቹ የመጡት ከወራት በኋላ ነው። ዶክተር ልሳኑ መብራቱን አጥፍቶ ግድግዳው ላይ ሁለት ምስል ጎን ለጎን አበራ። ቡናማ ጠርዝ፣ ክብ በክብ። አወቅኋቸው።

«ይሄ የጥናቴ ምርጥ ጥንድ ነው» አለ። «ከአንድ በሽተኛ። ፕሮቲኑ በመነሻው ላይ በዝቷል፤ ንፍፊቱም ላይ እንዲሁ። እናቲቱና ልጇ ልንላቸው እንችላለን።»

ቃሉ እንኳ የእኔ ነበር፤ ለቀዶ ሐኪሙ ያልኩት ደርሶታል።

አንድ እንግዳ እጁን አነሣ። «ናሙናዎቹ ከሁለት ተቋም የመጡ ናቸው ብለዋል። የአንድ ሰው መሆናቸው በምን ታወቀ?»

«በጥንቃቄ» አለ ዶክተር ልሳኑ።

ከኋላ ረድፍ ተነሣሁ። «በሚስቱ ነው የታወቀው» አልኩ። ከፊት ያሉት ሁሉ ዞሩ፤ «አልሰማንም» ያለ ሰው አልነበረም። «በሽተኛው ባሳ ይባላል። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ቅጹ ላይ ‹ንፍፊት የለም› ተብሎ የተፈረመው አንገቱን ማንም ሳያይ ነው። መዝገቡን ያሳሳትኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ የክርስትና ስሙን ሳልጠይቅ እንደ ዋና ስም ጽፌ።»

እንግዳው ብዕሩን አንሥቶ፣ ለማስታወሻው እንዲሆነው በትሕትና «ሌላኛው ስም ማን ነበር?» አለኝ።

«እሱ ለእናንተ አይደለም» አልኩና ተቀመጥኩ።